ራሴ የከፈትኩት በር

እንደሚታወቀው እኛ ዕጩ መምህራን በልምምድ ማስተማር ሰሞን እንቅልፍ የለንም። እኔም ለ4ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ያዘጋጀሁትን ዕቅድ ሦስት ሌሊት ለፍቼ ጻፍኩና በኮምፒዩተር ክፍላችን፣ ሊኑክስ በተጫነበት ማሽን፣ አምስታችን በጋራ በምንጠቀምበት ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰኞ ጧት ብከፍት ዕቅዱ የለም!

ማን አጠፋው? አጠገቤ የሚቀመጠውን ጓደኛዬን ጠረጠርኩ፤ ቅዳሜ ማታ የሠራበት እሱ ነበራ። በሰው ፊት የማይባል ነገር ተናገርኩት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ፋይሉን ቆልፌው ነበር። ፈቃዱን 444 አድርጌዋለሁ፤ ይኸውም ሁሉም ያንብበው እንጂ ማንም አይጻፍበት ማለት ነው።

በመጨረሻ አስተማሪያችን ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ፋይሉን ትተው የፎልደሩን ፈቃድ አዩና፣ «ይኽን 777 ያደረገው ማነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔው ነኝ። ጓደኞቼ ፋይል ማስገባት እምቢ ቢላቸው «ችሞድ» በተባለው ትእዛዝ ሁሉን ከፍቼ ተገላገልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ከጀመሩት ከዩኒክስ የተወረሰው ሥርዓት ሰውን በሦስት ይከፍላል፤ ባለቤት፣ ቡድንና ሌላው ሁሉ። መብቱም ሦስት ነው፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ (ለፎልደር ሲሆን መግባት) 1። ሲደመር 7 ይሆናል። ስለዚህ 777 ለሁሉም ሁሉን መፍቀድ ነው። ፎልደር ደግሞ እንደ ክፍል ስም መዝገብ ነው፤ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከመዝገቡ መፋቅ ነው። መዝገቡ ላይ መጻፍ የተፈቀደለት ሰው፣ ፋይሉ ላይ መጻፍ ቢከለከልም፣ ስሙን መፋቅ ይችላል። እኔ ሆዬ ሣጥኑን ቆልፌ የቤቱን በር ክፍት ትቼዋለሁ፤ ሣጥኑ እንዳለ ሄደ።

ሲጣራ ከአምስታችን አንዷ ቦታ ለማስለቀቅ ብላ አሮጌ የመሰላትን ሁሉ አጽድታለች። በቅን ልቦና ነው፤ ፈቃዱንም የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ከደሙ ንጹሕ! ባኮረፍኩት ሰዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ዕቅዱን እንደገና ስጽፍ ቁጭ ብሎ ያረመልኝ እሱው ነው።

አሁን አስተማሪያችን አምስታችንን በአንድ ቡድን አስመዝግበው ፎልደሩን 1770 አድርገውታል። 770 ለባለቤቱና ለቡድኑ ሁሉን ፈቅዶ ሌላውን ይከለክላል። ፊት ያለችው 1 ደግሞ የቡድኑ አባል የራሱን እንጂ የጓደኛውን ፋይል እንዳይሰርዝ ታግዳለች። እኔም ከጽሑፉ ውጭ በሚያያዘው ተጨማሪ መግለጫ ላይ «የመጨረሻ ቅጂ፤ አይሰረዝ» የሚል ለጠፍኩ። ይህ ግን ማሳሰቢያ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ «ፋት» በተባለው አሠራር በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥም ይቀራል። ስለዚህ አስተማሪያችን በአስተዳዳሪነታቸው «ቻትር» በተባለው ትእዛዝ ፋይሉን አይነኬ አደረጉት። ያ ምልክት ካልተነሣ እሳቸውም ቢሆኑ አይሰርዙትም።

ውድ አንባብያን፣ ነገ እኛም ክፍል ይዘን ደብተር ጠፋብኝ የሚል ልጅ ይመጣብናል። ያን ጊዜ አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ልጅ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት፣ በሩን ማን እንደ ከፈተው እንጠይቅ። ምናልባት እኛው እንሆናለን።

ከአንድ ዕጩ መምህር