የማን ስልክ ነው?

በቢሮአችን መሳቢያ ውስጥ ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ አንድ ደብተር አለ። የዓመት መጽሐፋችን አዘጋጆች «ስለ ኮሮናው ጊዜ ትምህርት አንድ ነገር ጻፉልን» ባሉን ጊዜ መጀመሪያ የከፈትነው እሱን ነው። ዛሬ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን ያንን ጊዜ የሚያውቁት ከታላላቆቻቸው ሲወራ ሰምተው ብቻ ነው። ለእነሱም ሆነ ለወላጆቻቸው ይህ ደብተር የሚነግረው ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 ዓርብ ነበር። በኢትዮጵያም በኬንያም የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው በዚያው ቀን ነው። ሁለት አገር በልባችን ይዘን ናይሮቢ ለምንኖር ሰዎች ያ ዓርብ ድርብ ፍርሃት ይዞ መጣ። እሑድ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ። በማግሥቱ ግቢያችን ጭር አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከኤፕሪል 6 ጀምሮም ከናይሮቢ መውጣትና መግባት ተከለከለ። ከተማሪዎቻችን ጋር የሚያገናኘን ነገር ቢኖር በምዝገባ ቅጽ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር ብቻ ሆነ።

በዚያ ወቅት የስልክ ኩባንያዎች ያደረጉት ነገር ቀላል እንዳልነበረ መመስከር ይገባናል። ሰዎች የብር ኖት እየተቀባበሉ በሽታ እንዳያዛምቱ በማለት፣ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክና ሳፋሪኮም በተስማሙት መሠረት፣ እስከ 1,000 ሽልንግ ድረስ በኤም-ፔሳ መላክ ያለ ክፍያ ሆነ። መጀመሪያ ለ90 ቀን የታሰበው በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተራዘመ። በአንድ ጊዜ የሚላከው ገንዘብ ጣሪያም ከ70,000 ወደ 150,000 ሽልንግ ከፍ አለ። ስለ በሽታው ለመጠየቅ 719 የተባለው መስመር በነፃ ይሠራ ነበር። የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተለውና ተራ ቁልፍ ባለው ስልክ በአጭር መልእክት የሚሠራው የኤኔዛ «ሹፓቩ 291» የጥያቄና መልስ አገልግሎትም ለሳፋሪኮም ደንበኞች ለተወሰነ ጊዜ በነፃ ተከፈተ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንም ኢትዮ ቴሌኮም የስልኩን ጥሪ በጥንቃቄ መልእክት እንደተካው ያጫውቱን ነበር።

የመላኪያው ክፍያ መቅረት በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ግን ትንሽ አልነበረም። ሆቴል ይሠሩ የነበሩ፣ የቤት ሠራተኛ የነበሩ፣ በየመንገዱ የሚነግዱ ወላጆች በአንድ ወር ውስጥ ገቢያቸው ተቋረጠ። ያኔ አንዱ ወላጅ 200 ሽልንግ፣ ሌላው 500 ሽልንግ እየላከ የችግረኛ ቤተሰብ ኪራይና የልጆች ዳታ እንዲሸፈን ተባበረ። ሃምሳ ሽልንግ የላኩም ነበሩ። ለመላኪያ የሚቆረጥ ቢኖር ኖሮ ትንሽ ገንዘብ የሚልክ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። ክፍያው ሲነሣ ድሃም ሰጪ መሆን ቻለ።

እኛ ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በር ሲከፈት፣ ሁሉም ሰው በበሩ የገባ መሰለን። በየክፍሉ የዋትስአፕ ቡድን አቋቋምን፤ ጠዋት ትምህርት እንልካለን፤ ማታ የተሠራውን በፎቶ እንቀበላለን። የቀሪና የተገኘ መቆጣጠሪያችንም ያው ቡድን ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ምላሽ ላልላኩ 11 ቤተሰቦች «ልጅዎ ትምህርቱን አይከታተልም፤ በቂ ቁጥጥር ያድርጉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ላክን። ቃሉን የመረጥነውም የፈረምነውም እኛው ነን።

ከአሥራ አንዱ አንዱ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ኢስሊ ለምትኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ነው። ማታ ስልኩ ጠራ። የደወሉት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ስልክ የእኔ ነው፤ የልጅቷ እናት አይደለሁም፣ ጎረቤት ነኝ» አሉን። «እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ስመጣ ልጅቷ በሬ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ያን ጊዜ ደግሞ ዳታው አልቋል። ልጅቷን አይቆጧት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረ ለመናገር እንኳ አንደበት አጠረን። እናቲቱ ወረቀቷ ገና ያላለቀላት ስደተኛ ናት። ሲም ካርድ በስም ለማስመዝገብ መታወቂያ ይጠየቃል፤ እሷ የላትም። ስለዚህ በምዝገባ ቅጹ ላይ የጎረቤቷን ቁጥር ሰጠች። እኛም ቁጥር መኖሩን እንጂ የማን መሆኑን ሳንጠይቅ መዝግበን አስቀመጥነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሜይ 6 ከኢስሊ መውጣትና ወደ ኢስሊ መግባት ተከለከለ። ጎረቤቲቱ በዚያን ጊዜ ሥራ ቦታቸው ነበሩና እዚያው ቀሩ፤ ስልኩም አብሮ ቀረ። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል እንላለን፤ ያ ጎረቤት ራሱ ሩቅ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አላሰብንም። ልጅቷን ለሁለት ሳምንት ያህል ልናገኛት አልቻልንም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሴት ልጅ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለሚያውቅ መምህር ያ ረጅም ጊዜ ነው። በልጅነቷ ሥራ ትገባ ይሆን? ትዳር ይሏት ይሆን? እያልን ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አሳለፍን።

ኢስሊ ውስጥ የሚኖር አንድ መምህራችን፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ከሕንፃ ሕንፃ እየጠየቀ አገኛት። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር በአንድ ክፍል ነበሩ። ከመቆለፉ በፊት የተላከላትን የመጨረሻ የሒሳብ ጥያቄ በካርቶን ላይ ገልብጣ፣ ሠርታ፣ አልጋው ሥር አስቀምጣዋለች። መምህሩ ካርቶኑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልን። ከአሥሩ ሁለቱን ስታለች። በሕይወታችን ብዙ የፈተና ወረቀት አርመናል፤ እንደዚያ ያለ ግን አናስታውስም።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ የተጀመረው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ጥያቄ ጻፍንበት፦ ቁጥሩ ስንት ነው? ስልኩ የማን ነው? በስንት ሰዓት ይገኛል? መምህራን ቤተሰቦቹን ተከፋፍለው በየሳምንቱ በድምፅ መደወል ጀመሩ። ተራ ስልክ ላላቸው በ«ሹፓቩ» እንዴት እንደሚጠቀሙ እየደወልን አስረዳን። ምንም ስልክ ለሌላቸው በየሰፈሩ አንድ ሱቅ መረጥን፤ የታተመ ወረቀት እዚያ እናስቀምጣለን፣ የተሠራውን ከዚያ እንወስዳለን። ማስጠንቀቂያ ለላክንላቸው 11 ቤተሰቦችም አንድ በአንድ ደውለን ይቅርታ ጠየቅን። ከ11ዱ ሰባቱ ስልክ የሚጋሩ ሆነው ተገኙ።

በጁላይ 2020 ቴልኮም ኬንያ ሉን ከተባለው ድርጅት ጋር በመሆን ከምድር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚንሳፈፉ ፊኛዎች የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ልጆቻችን በጣም ተደነቁ፤ «ፊኛው እኛ ጋ ይመጣል?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። እኛም ተደንቀናል። ሆኖም በልባችን የምናስበው ያንን አራተኛ ፎቅ ነበር። ያቺ ልጅ የጎደላት ኔትወርክ አልነበረም፤ ኔትወርኩ በመስኮቷ ይገባ ነበር። የጎደላት የምትይዘው ስልክ ነው።

በዚያው ወር የትምህርት ሚኒስትሩ የ2020 የትምህርት ዘመን እንደጠፋ እንደሚቆጠር አስታወቁ። በኦክቶበር ጥቂት ክፍሎች፣ በጃንዋሪ 4 ቀን 2021 ደግሞ ሁሉም ተመለሱ። የኤም-ፔሳ የመላኪያ ክፍያም በዚያው አዲስ ዓመት ተመለሰ። ልጅቷ በሩ በተከፈተበት ጠዋት፣ ዩኒፎርሟ አጥሮባት፣ ከጎረቤቲቱ ጋር መጣች። ሦስት ተማሪዎች ግን አልተመለሱም። ቁጥራቸው እስከ ዛሬ በደብተሩ ላይ አለ፤ ብንደውል መስመሩ አይሠራም። ስማቸውን አልሰረዝንም።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። የስልክ ኩባንያ የሚያውቀው ደንበኛውን ነው፤ ደንበኛ ማለት ሲም ካርዱ በስሙ የተመዘገበ ሰው ነው። ለደንበኛው ክፍያ ቢያነሣ፣ ትምህርት በነፃ ቢከፍት መልካም አድርጓል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን የእኛ ተማሪ ብዙ ጊዜ ደንበኛ አይደለችም፤ የደንበኛው ጎረቤት ልጅ ናት። እሷን በየትኛውም የኩባንያ መዝገብ ውስጥ ማንም አያገኛትም። እሷን የማወቅ ሥራ የትምህርት ቤት ነው፤ ያንን ሥራ ለኩባንያም ለዋትስአፕም አሳልፈን መስጠት አይገባንም ነበር።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ «ስልኩ የማን ነው?» ብለን ስንጠይቃችሁ እንደ መሰለል አትቁጠሩብን። የጎረቤት ከሆነ የጎረቤት ነው በሉን፤ በዚህ የሚያፍር አይኑር። ከልጅዎ ሌላ የጎረቤትዎን ልጅ ጥሪ የሚቀበሉ ካላችሁም ስማችሁን ንገሩን፤ በደብተሩ ላይ የምንጽፈው በክብር ነው። ያቺ ልጅ ዛሬ የራሷ ስልክ አላት። ቁጥሯን ስትሰጠን ከአጠገቡ በገዛ እጇ «የራሴ» ብላ ጻፈችበት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይባርክልን፤ ጎረቤትም አያሳጣን።