ካውቦይና ቄሣር በሸዋ ደጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከተማዪቱ እንግዳዋን አስቀድማ የምትቀበለው በብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተንጣለለ ሜዳ ላይ ስለ ተቀመጠች ነፋሱ እንዳሻው ይመላለስባታል። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ታየ ስለ ተባለው ብርሃን ሲሉ ደብረ ብርሃን አሏት፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ስሟን በየቤቱ ያስገባው የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው። ብርሃንና ብርድ ልብስ! የከተማዪቱን ጠባይ በጥቂት ቃል ግለጽ የተባለ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚያገኝ አይመስለኝም።

አንባቢዎች ሆይ፣ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብላችሁ ቁሙ። የገብስና የባቄላው ማሳ፣ የድንጋዩ ካብ፣ የበጉ መንጋ ዓይን እስኪያታክት ተዘርግቶ ታያላችሁ። ጥቂት ቆይቶም ከሜዳው ማዶ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቅ ይላል፤ እየቀረበ ሲመጣም ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ፈረሰኛ ይሆናል። ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አይነግራችሁም፤ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ብቻ ያልፋል። ይኸን አይቶ የካውቦይ ፊልም ትዝ የማይለው ወጣት ቢኖር ፊልም አይቶ የማያውቅ ነው። ወደ ከተማው ስትመለሱ ደግሞ ባለ ፈረስ ጋሪዎች ከባጃጅ ጋር እየተሽቀዳደሙ ያልፋሉ፤ ይኸ ደግሞ የሮማን ሠረገላ ያስታውሳል።

እንግዲህ በዚህ ከተማ ወጣቶች ዘንድ አንድ የቆየ ክርክር መኖሩ ሊያስደንቀን አይገባም። ክርክሩም፣ «ከካውቦይ ፊልምና ከሮማ ፊልም የትኛው ይበልጣል?» የሚል ነው። በዱሮው ዘመን በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ግን በየወረዳው ከተማ ቪዲዮ ቤት ተከፍቶ፣ በትንሽ ሳንቲም በአግዳሚ ወንበር ላይ ተፋፍጎ መመልከት የወጣቱ ሁሉ መዝናኛ ሆነ። ዛሬ ፊልሙ በፍላሽና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መሣሪያው ቢለዋወጥም ክርክሩ አልተለወጠም፤ እኔም በመምህርነት ሥራዬ ምክንያት ከተማሪዎችም ሆነ ከመሥሪያ ቤት ወጣቶች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

የካውቦይ ወገን የሆኑት እንዲህ ይላሉ፦ «የካውቦይ ፊልም ቃል አያበዛም። አንድ ሰው፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ ጠመንጃ፤ ከዚያ በኋላ ደግና ክፉው ይለያል። እንዲያውም ይኸ የእኛው ጠባይ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ መኮንንን አባ ቃኘው እያልን ጀግናን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሰዎች፣ ከፈረሰኛ ታሪክ ሌላ ምን እንመርጣለን?»

የሮማ ወገን የሆኑት ደግሞ ይመልሳሉ፦ «አንድ የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ሁሉንም አይቷል። በሮማ ፊልም ግን መንግሥት አለ፣ ሕግ አለ፣ የምክር ቤት ሽንገላ አለ፣ ባሪያና ጌታ አለ፤ በክርስቶስ ዘመን የነበረውም ዓለም በዓይናችን ፊት ይቆማል። ጠመንጃ መተኰስ ማንም ይችላል፤ ንግግር አድርጎ ሕዝብን ማንቀሳቀስ ግን እንደ ሮማውያን ነው።» አንድ ጊዜ ከእነዚህ ወገን የሆነ ወጣት ከጋሪ ላይ ሆኖ ነጂውን፣ «አንተ እኮ ቤን ሁር ነህ!» ቢለው፣ ባለ ጋሪው ልጓሙን ሳብ አድርጎ፣ «ማንም ልሁን፤ ሒሳብህን ከፍለህ ውረድ» አለው ይባላል።

ሁለቱም ወገኖች ልብ የማይሉት ነገር ቢኖር የተጣሉባቸው ፊልሞች የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ነው። 11 የኦስካር ሽልማት ያገኘውን «ቤን ሁር»ን እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ዊልያም ዋይለር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት «ዘ ቢግ ካንትሪ» የተባለውን የካውቦይ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ቻርልተን ሄስተንም በሁለቱም ውስጥ ተጫውቷል። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሌዎኔም እንደዚሁ በጥንት ዘመን ፊልሞች ሥራውን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1961 «የሮድስ ግዙፍ ሐውልት»ን ካዘጋጀ በኋላ ነው በ1964 ወደ ካውቦይ የዞረው። ያንንም ፊልም የቀዳው ከጃፓናዊው ኩሮሳዋ የሳሙራይ ታሪክ ነበር። ጋሻና ጦሩ ተሰቅሎ ባርኔጣና ሽጉጥ ወረደ እንጂ ሠሪዎቹ እነዚያው ናቸው።

ይኸን ይዘን ወደ አንኮበር እንሂድ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን ሜዳው በድንገት ያልቃል። ከእግራችን በታች ገደሉ እየተደራረበ ይወርዳል፤ ከሥር የአልዩ አምባ የጥንት ገበያ፣ ከዚያም ማዶ በጉም ውስጥ የአፋር ቆላ ይታያል። በሾጣጣው ኮረብታ ላይ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነበረ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 በሃሪስ የተመራውን የእንግሊዝ መልእክተኛ የተቀበሉት በዚሁ አገር ነው። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው አስቀድሞ ከዚህ ሆነው ሸዋን አስተዳድረዋል። ዛሬ በኮረብታው ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሞ ይታያል።

ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ ሌት ማረፊያ የሚባል ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 በአንቲኖሪ የተመራ የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ወደ ሸዋ ሲመጣ ምኒልክ ለማረፊያውና ለጥናቱ ይኸን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ ወፍና አራዊት ሲያጠና ኖሮ በ1882 በዚያው ዐረፈ። በእንግድነት የተጀመረው ግንኙነት ግን በእንግድነት አልቀረም። በዚሁ አካባቢ ዓመታት ያሳለፈው አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ያመጣ ሰው ሆነ፤ የ17ኛው አንቀጽ ሁለት ትርጉምም ወደ ዐድዋ አደረሰን። የሮማን ፊልም በአንኮበር ሆኖ ማሰብ በሌላ ስፍራ እንደማሰብ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሮማ ለእኛ በመጋረጃ ላይ ብቻ የታየች ከተማ አይደለችም፤ ደጃችንን አንኳኩታ የገባች ናት።

የሚከተሉትን ቀኖች ልብ በሉ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 20 ቀን ሙሶሊኒ በሮማ አጠገብ ቺኔቺታ የተባለውን ታላቅ የፊልም ከተማ መረቀ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግንቦት 13 ቀን በዚሁ በሸዋ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መረሸን ጀመሩ። በዚያው ዓመትም ጣሊያኖች «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» የተባለውን ፊልም አወጡ። ይኸውም ሮማዊው ሲፒዮ አፍሪካ ተሻግሮ ሐኒባልን ድል እንደ ነሣ የሚያሳይ፣ ኢትዮጵያን የወረሩትን ሰዎች የጥንት ጀግኖች ወራሾች አድርጎ ለማሳየት የታሰበ ሥራ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ የ«ቤን ሁር» ሠረገላዎች የተሽቀዳደሙት በዚያው በቺኔቺታ ነው። በእነዚያ ቀኖች እነራስ አበበ አረጋይና ኃይለ ማርያም ማሞ በሸዋ ሸለቆዎች በፈረስና በእግር ይዋጉ ነበር፤ የኃይለ ማርያም ማሞም ስም ዛሬ በደብረ ብርሃን በትምህርት ቤት ላይ ይነበባል።

ይኸን የሰሙ የካውቦይ ወገኖች፣ «አላልናችሁም?» እንዳይሉ ደግሞ የእነርሱም ነገር መመርመር አለበት። በብዙዎቹ የዱሮ የካውቦይ ፊልሞች ላይ ሰፋሪዎቹ ጋሪዎቻቸውን ክብ አድርገው ይመሽጋሉ፤ የፊልሙ መሣሪያም ከእነርሱ ጋር በምሽጉ ውስጥ ይሆናል። እኛ ተመልካቾችም ሳናውቀው ከምሽጉ ውስጥ ሆነን እናያለን። በኮረብታው ላይ አቧራ አስነሥቶ የሚመጣው ሰው ግን የአገሩ ባለቤት ነው፤ የተወሰደበትም መሬቱ ነው። በአንኮበር ኮረብታ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል የሚመለከት ሰው ራሱን በየትኛው ወገን ማኖር እንዳለበት ሊስተው አይገባም ነበር።

እንዲህ ከሆነ ሁለቱንም እንጣላቸው ማለት ነውን? አይደለም። ከሁለቱም ውስጥ አንድ ሰው ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው በ«ስፓርታከስ» ፊልም ድራባ የሚባል ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር አለ። መረብና ባለ ሦስት ጣት ጦር ይዞ ከስፓርታከስ ጋር ለሮማ ሹማምንት መዝናኛ እንዲጋደል ይገደዳል፤ ድልም ያደርጋል። ግደለው ሲባል ግን ጦሩን ወደ ሹማምንቱ ወርውሮ ወደ ሰገነታቸው ሲወጣ ይገደላል። የባሪያዎቹ ዐመፅ በልባቸው የሚጸነሰው በእርሱ ሞት ነው። ይኸን የተጫወተው አሜሪካዊው ውዲ ስትሮድ፣ በዚያው ዓመት በጆን ፎርድ «ሳርጀንት ራትሌጅ» ላይ ጥቁር የፈረሰኛ ጦር ባለ ማዕረግ ሆኖ ታየ፤ በ1968ም በሌዎኔ ፊልም መክፈቻ ላይ በባቡር ጣቢያ ከሚጠብቁት ከሦስቱ ተኳሾች አንዱ ነበር። የአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች ከካውቦዮቹ ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደ ነበረ ይገምታሉ፤ የዱሮዎቹ ፊልሞች ግን ለማሳየት አልቸኰሉም። አንድ ጥቁር ተዋናይ በሮማም በካውቦይም በር ገብቶ ሁለቱንም ጥቂት ሰፋ አደረጋቸው ብንል ስሕተት አይሆንም።

«ስፓርታከስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ግን ከፊልም የሚበልጥ ነገር በሮማ ተደርጎ ነበር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ በሸዋ ደጋ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የማራቶንን ሩጫ ሮጠ። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተነቅሎ በተወሰደው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ተቀናቃኙን ጥሎ ሄደ፤ በቄሣሩ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥርም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ገባ። በመንገዱ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር፤ በአገሩም የዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለ ነበረ በየደጃፉ ችቦ የሚበራበት ምሽት ነበር። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ቆሟል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አገር ወጣቶች በሌላው ሰው ሮማ ላይ ብቻ ሲከራከሩ መኖራቸው ጥቂት ያሳዝናል።

ወደ ክርክሩ ልመለስና ፍርዴን ልስጥ፤ መምህር ነጥብ ሳይሰጥ አይሰነብትምና። እኔ ከሁሉ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን «ሃይ ኑን» የተባለውን የካውቦይ ፊልም ነው። በፊልሙ ጌሪ ኩፐር የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ ሆኖ ይጫወታል። ባስፈረደበት ጊዜ የዛተበት ወንበዴ በስድስት ሰዓቱ ባቡር እንደሚመጣ ይሰማል። ሥራውን ያስረከበ፣ ሚስት ያገባ ሰው ስለ ሆነ ቢሄድ የሚከለክለው የለም። እርሱ ግን ተመልሶ በየመጠጥ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ረዳት ይለምናል፤ አንዱ ያመካኛል፣ ሌላው ይደበቃል፣ ሦስተኛው «ለከተማችን ገበያ አይበጅም» ይላል። ሰዓቱም ይቆጥራል። በመጨረሻ ከአዲስ ሚስቱ በቀር ማንም ሳይደርስለት ሥራውን ይፈጽማል፤ የሹመት ምልክቱንም ነቅሎ አፈር ላይ ጥሎ ይሄዳል።

በ«ቤን ሁር» ውስጥ ደግሞ ጲላጦስ አለ። እርሱም እንደ ሕግ አስከባሪው ደመወዝ የሚቆረጥለት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ጨዋ፣ የተማረ፣ ለወዳጁ የሚያዝን ነው። ነገር ግን ከበላይ ትእዛዝ አለ፣ ከታች ጩኸት አለ፤ ስለዚህ በመካከል ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። እጁን ይታጠባል።

አንባቢዎች ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ የቀራችሁትም በየመሥሪያ ቤቱ በአነስተኛ ደረጃ የተቀመጣችሁ ናችሁ። ቄሣር የምንሆነው ጥቂቶች ነን፤ ከፈረስ ላይ ሽጉጥ የሚተኩስም ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። ነገ ግን ከሩቅ ገጠር በብርድ ተጉዞ ጋቢውን እንደ ተከናነበ በበራችን የሚቆም ባለ ጉዳይ አለ። እውነቱ የእርሱ መሆኑን መዝገቡን አይተን እናውቃለን፤ የእርሱን እውነት መናገር ግን አለቃ የሚያስቀይም፣ ጓደኛ የሚያሸሽ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት የውኃው መታጠቢያ በአንድ በኩል፣ ባዶው ጎዳና በሌላ በኩል ይሆናል። ከሁለቱ ፊልሞች የትኛው እንደሚበልጥ የዚያን ጊዜ እያንዳንዳችን በሥራችን እንመርጣለን።