አንቀጽ 15 የት ሄደ?

ይህን የምንጽፈው ሦስት ነን። ባለፈው ዓመት የጀመዓችንን መተዳደሪያ ደንብ እንድናሻሽል ኃላፊነት የተሰጠን፣ ከዚያም ደንቡን አበላሽተን ያስጸደቅን እኛው ነን። ወሬው ከሌላ ሰው ከሚደርሳችሁ ከእኛ ብትሰሙት ይሻላል ብለን ነው።

የቆየው ደንብ በ6 ምዕራፍ የተከፈሉ 24 አንቀጾች ነበሩት። ፋይሉን ከቀደሙን ወንድሞች በፍላሽ ተረከብን። ቁጥሮቹ በሙሉ በእጅ የተጻፉ ነበሩ፤ አንድ ሰው ተቀምጦ «አንቀጽ 1»፣ «አንቀጽ 2» እያለ እስከ 24 ድረስ ተይቧል ማለት ነው። እኛ ስለ መጻሕፍት ውሰት አንድ አዲስ አንቀጽ ጨመርንና ቦታው 7ኛ ላይ ሆነ። ስለዚህ የቀድሞው 7 ወደ 8፣ 8 ደግሞ ወደ 9 መዞር ነበረበት። ከዒሻ በኋላ ተቀምጠን አንድ በአንድ አስተካከልን። ርዕሶቹን በሙሉ አዳርሰናል። በአንቀጾቹ ሆድ ውስጥ ያሉትን፣ «በአንቀጽ እንዲህ በተመለከተው መሠረት» የሚሉትን ግን ረሳናቸው። ጠቅላላ ጉባኤውም ልብ አላለም። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ፣ ተክቢርም ተባለ።

ከሁለት ወር በኋላ የአንድ የ2ኛ ዓመት ወንድማችን እናት ታመሙና በአስቸኳይ ወደ አገር ቤት መሄድ ነበረበት። የመሳፈሪያ ገንዘብ አልነበረውም። የመረዳጃ ፈንዳችን የተቋቋመው እንዲህ ላለው ቀን ስለሆነ ወደ ገንዘብ ያዣችን ይዘነው ሄድን። እሱም እንደ ልማዱ ደንቡን አውጥቶ አነበበ። «ገንዘብ ያዡ በአንቀጽ 15 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ ከመረዳጃ ፈንዱ ወጪ አያደርግም» ይላል። አንቀጽ 15ን ገለጠ። ስለ ማኅተም አያያዝ ነው። የመረዳጃው አንቀጽ እኛ ባስገባነው አዲስ አንቀጽ ተገፍቶ 16 ሆኗል።

«ስህተቱ እኮ ግልጽ ነው፤ ፈርምና ልጁ ይሂድ» አልነው።

«ለእናንተ ግልጽ ነው። እኔ ነገ ኦዲት ስደረግ የማሳየው ግን ወረቀቱን ነው። ገንዘቡ አማና ነው» አለን።

ደንቡን ማስተካከል የሚችለው ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። ከየኪሳችን አዋጣን፤ ዶርም ለዶርም ዞረን ሞላነው። ያን ቀን የመጨረሻው መኪና አምልጦት ወንድማችን በማግስቱ ነው የተሳፈረው። ለምን እንደዘገየ ሲጠይቀን «ቁጥር ተሳስቶ ነው» ብሎ መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየነው እኛ ነን። እናቱ አልሐምዱሊላህ ተሽሏቸዋል። ገንዘብ ያዣችንን ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀይመነው ነበር። አሁን ስናስበው በዚያ ክፍል ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ለእርማቱ ስንቀመጥ ከኮምፒውተር ሳይንስ አንዲት የ3ኛ ዓመት እህታችንን እርዳታ ጠየቅን። ፋይሉን ከፍታ ትንሽ ወደ ታች ሄደችና «ቁጥሩን በእጃችሁ ከጻፋችሁት ዕድሜ ልካችሁን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ፤ ለምን ወርድ ራሱ አይቆጥረውም?» አለች። ሦስታችንም ወርድን ከ1ኛ ዓመት ጀምሮ ስንጠቀም ኖረናል። የምናውቀው ግን ፊደል ማጥቆርና መጠን መጨመር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያስተማረችን ስታይል የሚባለውን ነው። ርዕስን አጥቁሮ ማተለቅ ለዓይን ርዕስ ያስመስለዋል፤ ለወርድ ግን ያው ተራ አረፍተ ነገር ነው። ሆም በሚለው ገጽ ላይ ካሉት ስታይሎች ሄዲንግ 1ን ስንሰጠው ግን ወርድ «ይህ የምዕራፍ ርዕስ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ለምዕራፎች ሄዲንግ 1፣ ለአንቀጾች ሄዲንግ 2 ሰጠን። ለንዑስ አንቀጾች ሄዲንግ 3 ልንሰጥ ስንል ከለከለችን፤ ንዑስ አንቀጽ ርዕስ ሳይሆን ሙሉ ጽሑፍ ስለሆነ ማውጫው ውስጥ ተግተልትሎ ይገባል። «ንዑስ አንቀጽ» የሚል የራሱን ስታይል ፈጠርንለት። የስታይል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ቀጥሎ በእጅ የተጻፉትን ቁጥሮች በሙሉ አጠፋን። ይህን የዘለለ ሰው «አንቀጽ 9 አንቀጽ 9» የሚል ርዕስ ያገኛል። ከዚያ ጠቋሚውን የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ላይ አድርገን፣ ሆም ላይ ካሉት ሦስት የዝርዝር ምልክቶች መልቲሌቭል ሊስት የሚለውን ከፍተን፣ ከታች «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» የሚለውን ተጫንን። የሚከፈተው ሳጥን መጀመሪያ ላይ ግማሹን ደብቆ ነው የሚመጣው፤ «ሞር» ሲባል ነው ዋናው ነገር የሚወጣው። እዚያ «ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል» በሚለው ቦታ ደረጃ 1ን ከሄዲንግ 1፣ ደረጃ 2ን ከሄዲንግ 2፣ ደረጃ 3ን ከ«ንዑስ አንቀጽ» ጋር አገናኘን። ቁጥሩ በሚታይበት ሳጥን ውስጥ ከቁጥሩ ፊት ለደረጃ 1 «ምዕራፍ»፣ ለደረጃ 2 «አንቀጽ» ብለን ጻፍን። እዚያ ያለው ግራጫ የተቀባው ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም፤ የሚቆጥረው እሱ ነው። ከእኛ አንዱ አጥፍቶት በእጁ 1 ጻፈና ምዕራፎቹ ሁሉ ምዕራፍ 1 ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የገጠመን ችግር የሕግ ተማሪዎችን የሚያስቅ ነው። ወርድ ምዕራፍ በተቀየረ ቁጥር አንቀጹን ከ1 ይጀምረዋል። የእኛ አገር ሕግ ግን እንዲህ አይቆጠርም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥትን ውሰዱ፤ 11 ምዕራፎች፣ 106 አንቀጾች አሉት። ምዕራፍ 2 የሚጀምረው በአንቀጽ 8 ነው፤ ምዕራፍ 3 በአንቀጽ 13። ምዕራፍ ያልፋል፣ የአንቀጹ ቁጥር ግን ይቀጥላል። ለዚህ ነው «አንቀጽ 13» ሲባል የትኛው ምዕራፍ ብሎ የሚጠይቅ የሌለው። በወርድ ይህን ለማግኘት በዚያው ሳጥን ደረጃ 2 ላይ ሆነን «ሪስታርት ሊስት አፍተር» ከሚለው ላይ ምልክቱን አነሳን። ደረጃ 3 ላይ ግን ተወነው፤ ንዑስ አንቀጽ በየአንቀጹ ከ1 መጀመር አለበትና።

አራተኛው ደረጃ ላይ ተሸነፍን። በሕግ አጻጻፍ ከንዑስ አንቀጽ በታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይመጣል። በቁጥር ዓይነቶቹ ዝርዝር ውስጥ የእኛን ፊደል ተራ ፈልገን አላገኘነውም። ደንባችን ውስጥ በፊደል የተዘረዘሩት ጥቂት ስለሆኑ በእጅ ጻፍናቸው፤ ስታይል የሰጠናቸው ገባ ብለው እንዲጀምሩ ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጠባቂዎቹ አሁንም እኛው ነን።

ያ ሁሉ ግን ርዕሶቹን ነው ያዳነው። ወንድማችንን ያስቀረው ከሆድ ውስጥ ያለው 15 ነበር። ለእሱ መድኃኒቱ ሪፈረንስስ በሚለው ገጽ ያለው ክሮስ ሪፈረንስ ነው። በእጅ የተጻፈውን «አንቀጽ 15» አጥፍተን፣ ክሮስ ሪፈረንስን ከፍተን፣ ከዝርዝሩ የመረዳጃውን አንቀጽ በስሙ መረጥን። ቁጥሩን ሳይሆን አንቀጹን ነው የያዘው፤ አንቀጹ የትም ቢሄድ ይከተለዋል። «ፓራግራፍ ነምበር» ከሚሉት ምርጫዎች ውስጥ «ኖ ኮንቴክስት» ያለበትን ውሰዱ፤ ሌላው ምዕራፉንም አብሮ ሊያጣብቅ ይችላል። ለአማርኛ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር አለው፦ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል ጨምሮ ስለሚያመጣው ከፊቱ «በ» ወይም «የ» ብለን ያለ ክፍተት ስንጽፍ «በአንቀጽ 16» ሆኖ ይወጣል። እንዲህ እያደረግን 11 ቦታ ቀየርን። ከ11ዱ 9ኙ ተሳስተው ነበር። አንደኛው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የሰጠነው ሥልጣን የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት ወደሚወስነው አንቀጽ ይልክ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ላላችሁ ሥራው ያው ነው፤ ሁለት ነገር ይለያል። በጥናት ጽሑፍ 1.1፣ 2.1 እያለ በየምዕራፉ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ያቺን ምልክት አታንሷት። ምዕራፉን በእንግሊዝኛ ቁጥር ሳይሆን «ቻፕተር ዋን» ብላችሁ በቃል የምታስቆጥሩ ከሆነ ደግሞ ክፍሎቹ «ዋን.1» ሆነው ይወጣሉ። ደረጃ 2 ላይ «ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ» የሚለውን ምልክት ስታደርጉበት 1.1 ይሆናል። የቡድን ሥራ ከሆነ ጓደኛችሁ በቴሌግራም የላከውን ክፍል ስትለጥፉ «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» በሚለው ለጥፉት፤ አለበለዚያ የራሱን ስታይልና ዝርዝር ይዞ ይገባና የእናንተን ቆጠራ ያውካል።

የታረመውን ደንብ ለጉባኤው 20 ቅጂ አሳተምን። ከማተማችን በፊት አንድ አንቀጽ ለሁለት ከፍለን ነበር። ርዕሶቹ ወዲያው ተስተካከሉ፤ ክሮስ ሪፈረንሶቹ ግን አድሱ ካልተባሉ በነበሩበት ይቆያሉ፤ ይህን ተነግሮን ዘንግተነዋል። ሙሉውን በኮንትሮልና ኤ መርጦ ኤፍ 9 መጫን ነበረብን፤ በአንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን የሚለውም አብሮ ይጫናል። ስህተቱን ጉባኤው ሳይጀመር ያገኘው ገንዘብ ያዣችን ነው። 20ውንም ቅጂ ሰብስቦ መለሰልን፤ የሁለተኛውን ኅትመት ወጪ ከፈንዱ ሳይሆን ከእኛ ኪስ አስከፈለን። አሁን ማንኛውንም ወረቀት ይዘን ለፊርማ ስንሄድ እስክሪብቶውን ሳያነሳ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ «ኤፍ 9 ተጫነ?»