ወንዙ ሲጠራ

በጋ ላይ አዋሽ ዳር የቆመ ሰው ውሃው ከክረምቱ የተሻለ ይመስለዋል። ደለሉ ወርዷል፣ ድንጋዩ ከሥር ይታያል። ጀሪካኗን ይዛ የወረደች እናትም የምትፈርደው በዓይኗ ነው። ሌላ መለኪያ ማን ሰጣት?

ዝናብ ሲጠፋ በወንዙ የሚወርደው በአብዛኛው ከመሬት ስር ቀስ እያለ የሚመነጭ ውሃ ነው። ይህ ውሃ በአለት ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለሺህ ዓመታት ሲጓዝ የኖረ ነው። ሶዲየሙን፣ ቢካርቦኔቱን፣ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከእሳተ ገሞራው አለት የሟሟውን ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ክረምት ላይ ዝናቡ ያቀጥነዋል። ድርቅ ላይ የሚያቀጥነው የለም፤ ፀሐዩ ጭራሽ ያከርረዋል።

መተሃራ ላይ ነገሩ በዓይን ይታያል። የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ያሳበጠው ከፈንታሌ ተራራ አካባቢ የሚፈልቀው ፍል ውሃና ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ውሃ ነው። ጨዋማው ሐይቅ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን ሲያስጨንቅ የተገኘው መላ ውሃውን በቦይ እየቀነሱ ከአዋሽ ጋር መቀላቀል ሆነ። በልክ መቀላቀል ግን የሚቻለው አዋሽ ራሱ በቂ ውሃ ሲኖረው ነው። ከታች አሚባራ ጥጥ የሚያለማው ገበሬና ከብቱን የሚያጠጣው የአፋር አርብቶ አደር በዚህ ስሌት ውስጥ ስንተኛ ላይ እንደተቀመጡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከጨው ሌላ በዓይን የማይታዩት ነዋሪዎችም አሉ። ውሃው ሲቀዘዝ፣ ሲሞቅና ብርሃን እስከ ሥሩ ሲገባ፣ በአቃቂ በኩል የሚወርደው የአዲስ አበባ ፍሳሽ ቀለብ ሆኖት አልጌ ይራባል። ቆቃ ላይ መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት እንዳለ የታወቀ ነው።

በጎ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። የከርሰ ምድር ውሃ በወንዙ አሸዋና ጠጠር ውስጥ አልፎ ሲወጣ፣ ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ የሚኖሩት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ወንዝ በነጻ የሚያገኘው ማጣሪያ ይህ ነው። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተቆፍሮ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከወንዙ በታች ሲወርድ ግን ጉዞው ይገለበጣል። ወንዙ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ቆሻሻውም ወደ ጉድጓዱ መንገድ ያገኛል።

ድርቅ በመጣ ቁጥር የሚቆጠረው የቦቴ ብዛትና የሊትር መጠን ነው። በሊትሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ለተቅማጥ መድኃኒት ነው፤ ተህዋሲያኑን ይገድላል። ፍሎራይዱ ግን አይተንም፤ ውሃው ተንኖ ሲቀንስ እሱ ማሰሮው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ያቺ እናት ምክሩን ሰምታ፣ እንጨት ለቅማ፣ በትጋት አፍልታ ለልጇ የምታቀርበው ውሃ ፍሎራይዱ ከቀዳችው የከረረ ነው። የልጁ ጥርስ ሲበልዝ ደግሞ ሰው «ስላልፋቀ ነው» ይላል።