አፌ እምቢ አለኝ ላልሽኝ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ የኔ ሆድ፤

የላክሽውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። «ጸሎት ልጀምር ስል አፌ እምቢ ይለኛል» ያልሽውን። ለእማዬ አላሰማኋትም። አትስጊ፣ አልቆጣሽም። አንቺን የሚቆጣ አንጀት የለኝም።

አንቺ ያየሽውን ያየ ሰው አፉ እምቢ ቢለው ምን ይገርማል? የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ፣ እህቶቻችንን አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ያለው ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተሻል። ሐምሌ 28 ቀን ወደቡ ሲፈነዳ የሳሎኑ መስታወት ላይሽ ላይ ረግፏል። ዘንድሮ መስከረም 13 ደግሞ የቦምቡ መዓት ሲጀምር አሠሪሽ ማዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው ወጣች፤ አንቺን ግን «ቤት ጠብቂ» አለችሽ። ያን ሌሊት በስልክ የሰማሁት ትንፋሽሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው።

ስለዚህ «ለምን ጸሎት ተውሽ» አልልሽም። እንዳትተዪ ግን እለምንሻለሁ።

እማዬን ታውቂያታለሽ። በኮሮና ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ በሩን ሲዘጋ ሰው ሁሉ አጥር ስር ቆሞ ሲያለቅስ ነበር። መጋቢት 28 ቀን አገር አቀፉ ጸሎት በቴሌቪዥን ሲጀመር ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። የእኛ ቤት ሳሎን! አባቶች መስቀላቸውን ሲያነሱ ጎንበስ ትላለች። የሼኩ ዱዓ ሲደርስም አልተቀመጠችም፤ «አሜን» እያለች እስከ መጨረሻው ቆማለች። ወር ሙሉ እንዲሁ ነበረች። ያኔ ነው ደጀ ሰላሙ ቢዘጋም ሰው ባለበት ቆሞ መጸለይ እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት። አንቺም የምትተኚባት በረንዳ ትበቃሻለች።

ደግሞ ያለሽበት አገር ለልደታ ልጅ ባዕድ ነው እንዴ? እመቤታችን ሊባኖስ ተራራ ላይ ተወለደች ሲሉን አይደል ያደግነው? የፊታችን ግንቦት 1 ንፍሯችንን ቀቅለን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ደጅ እንቀመጣለን። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህም አልቀረም። ዕጣ እየደረሰው የተበተነው የድሮ ጎረቤት እንኳ ለዚያች ቀን ይመጣል።

አባቶች እንደሚተርኩት ቅድስት ሐና መካን ተብላ ተሰድባ፣ ርግቦቹን ከነጫጩቶቻቸው ስታይ አለቀሰች። ለቅሶዋ ነው ጸሎት የሆነላት፤ ቃል እንኳ ያጠራት ይመስለኛል። እናም ተሰማላት። ከዚያ በኋላስ? ክፉ ሰው ተነሳባት። ጸሎቷ ተሰምቶላት እንኳ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ አልተቀመጠችም፤ ከኢያቄም ጋር ሸሽታ ሄደች። ልጇንም ከቤቷ ርቃ፣ ከነዚያ ተራሮች ላይ ወለደች። ይህን ነገር በልብሽ ያዢው፣ የኔ እናት። ጸሎትን ዝም ብሎ ከመቻል ጋር አታምታቺብኝ። እማዬ «ቻይው ልጄ» ስትልሽ በፍቅር ነው፤ ግን የሚሆንብሽን አታውቅም። እጃቸውን ያነሱብሽ ቀን፣ ደሞዝሽን የያዙብሽ ቀን፣ ጸልዪ፤ ከዚያ ተነሺ።

የት እሄዳለሁ አትበይ። «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባሉትን ጠይቂ፤ እንዳንቺው በሰው ቤት ሲሠሩ የነበሩ ልጆች ናቸው ያቋቋሙት። ካሪታስም አለ። ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በጦርነቱ ጊዜ መጠጊያ ያጡትን ሲያስጠጋ እንደነበር ራስሽ ነግረሽኛል፤ መንገዱን አጥኚው። የፓስፖርትሽን ፎቶ ለእኔ ላኪልኝ፤ ዋናውን ማዳም ብትይዘውም ቅጂው እኔ ዘንድ ይኑር።

ጸሎቱን በተመለከተ ራስሽን አታስጨንቂ። ረጅሙን አትፈልጊ። ሰሃን ስታጥቢ «እመብርሃን» በይ። 41 እግዚኦታ ያቃተሽ ቀን አንዱን በይ። እሱም ካቃተሽ አልቅሺ። የቀረውን እኛ እንለዋለን። እማዬ ፊደል ባትቆጥርም የሰባቱን ቀን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታውቀዋለች፤ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ስትጀምር ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማታለሁ። ልደታ ስትሄድ ስምሽን በወረቀት አስጽፋ ትሰጣለች። «ወለተ ሐና፣ በስደት ያለች» ይላል። የአጎቴን ልጅ ስታስጽፋት አይቻለሁ፤ ፊደሉ እንዳይበላሽ ዓይኗን ከብዕሩ አትነቅልም።

አሁን ደግሞ ሃምሳው ነው። ጾምም ስግደትም የለም። ስለዚህ ብዪ! ያገኘሽውን ብዪ። ድምፅሽ ከስቷል።

ብር አትላኪ። የእማዬን መድኃኒት እኔ እችለዋለሁ። ለመመለሻሽ የሚሆን ነገር በስምሽ እያስቀመጥን ነው፤ ሞልቷል አልልሽም፣ ተጀምሯል ግን። እምቢ ያለሽ ቀን «በቃኝ» ብለሽ ነይ። ባዶ እጄን ብለሽ አታፍሪ። በዚህ ግቢ ባዶ እጇን ለመጣች ልጅ በር የሚዘጋ የለም።

ይህን እንዳነበብሽ መልሽልኝ። ለእማዬ የምታሰሚያትን ለብቻ ላኪ፤ እውነቱን ለእኔ ለብቻ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፤ ስልኩን አላጠፋውም።

እህትሽ