ዓባይ ማዶ፣ ቁራዎች ወደ ቤት ሲገቡ

ባሕር ዳርን የጎበኘ ሰው የጣናን ገዳማትና ጢስ ዓባይን ሳያነሣ አይመለስም። እኔ ግን ዛሬ ምንም ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ከልጆች ጋር የሚታይ ሌላ ነገር ልጠቁምዎ፤ ቁራዎች ተሰብስበው ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውንና 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሲሻገሩ ዓባይ ማዶ ይደርሳሉ። ፀሐይ ከመጥለቋ ከግማሽ ሰዓት በፊት ትልልቅ ዛፎች ፊት ለፊት የሚታዩበት ቦታ ይፈልጉና አረፍ ይበሉ። ቆሎ አይርሱ።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ ቀጥሎ አሥር፣ ሃያ። ወዲያው አይገቡም። ጣሪያና ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ሰፍረው ይንጫጫሉ። ሲጨላልም ግን ተነሥተው ዛፎቹን ይወርሯቸዋል፤ በቅርንጫፍ ይጣላሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ ጸጥ ይላሉ። አብዛኞቹ ነጭ ሰደርያ የለበሱ የሚመስሉት ደረተ ነጭ ቁራዎች ናቸው። ዕድል ከቀናዎት ምንቃሩ የወፈረውንና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን ትልቁን ቁራ ያያሉ፤ እሱ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም።

አብረው የሚያድሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ዓይን ባለበት ጉጉት በቀላሉ አያጠቃም። ጾሙን የዋለም ጠዋት የጠገቡትን ተከትሎ ምግብ ወዳለበት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቁራ ዘመድ የሆነ አንድ ትንሽ ወፍ ጠዋት ከማደሪያው የሚነሣው በስምምነት ነው። ጩኸቱ እየበረታ ሄዶ በቂ ሲሆን መንጋው በሰከንዶች ውስጥ አብሮ ይበራል። ቃል በቃል ድምፅ ሰጥተው ይወስናሉ ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁ ሱቅ ተልኬ ስዘገይ እናቴ «የቁራ መልእክተኛ!» ትለኝ ነበር። ኖኅ የላከው ቁራ ሳይመለስ በመቅረቱ የመጣ አባባል ነው። ባለፈው ጥቅምት ይህን ለስድስት ዓመት ልጄ እየነገርኳት ሳለ ወደ ዛፎቹ አየችና «አባዬ፣ እነዚህ ግን በየቀኑ በጊዜ ይገባሉ» አለችኝ።

የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ነው። ዘመቻ ሲደርስ ቤት የምገባው እሷ ከተኛች በኋላ ነው። ለንግግሯ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ በ11 ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ከእሷ ጋር እዚያ እቀመጣለሁ። እርስዎም የሚኖሩበት ከተማ ቁራ አያጣም፤ ማታ ማታ ወዴት እንደሚበሩ ከልጆችዎ ጋር ይከታተሉ። ድንጋይ እንዳይወረውሩ ግን ያስጠንቅቋቸው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭምብል አጥልቀው ቁራዎችን ይዘው ከለቀቁ በኋላ፣ ወፎቹ ያንን ፊት ባዩ ቁጥር ለዓመታት ይጮሁበት ነበር።

ቁራ አይረሳም። ልጄም አትረሳም፤ እስካሁን ሁለት ሐሙስ አምልጦኛል፣ ሁለቱንም ቆጥራለች።