ስልቻና ክንፍ

በዚህ መጽሔት ስለ መሬት፣ ስለ ፈተና አሰጣጥና ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ ብዙ ተጽፏል። ስለ ስልቻ ግን እስካሁን ብዕሩን ያነሣ ሰው የለም። ምናልባት የባላገር ዕቃ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነጋገርበት አይገባም ተብሎ ይሆናል። እኔ ግን የዋግ ልጅ ነኝና፣ በዋግም ሰው ከፍየል ጋራ ያለው ዝምድና ቀላል አይደለምና፣ ጓደኞቼ ቢስቁብኝም ልጻፍ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ጅቡቲ ወርዶ ለመዝናናት ባሕር የሚጠልቁ ሰዎችን በምታመላልስ ጀልባ ላይ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ሁለት ዓመት ሠራ። ወደ ሰቆጣ ሲመለስ ከሻንጣው አንድ ጥቁር የናይለን ከረጢት አወጣ። «ክንፍ» ይሉታል። ጠላቂው የአየር ሲሊንደሩን ሲያዝል፣ ከጀርባው በሚታሰረው የብረት ዝርግና በሲሊንደሩ መካከል ይህ ከረጢት ይገባል። ሲነፋ ያነሣዋል፤ ሲተነፍስ ያወርደዋል። አሥር ሜትር ሲጠልቁ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን የከረጢቱ አየር በግማሽ ይጨመቃል፤ ስለዚህ ሲወርዱ አየር መጨመር፣ ሲወጡ ማስተንፈስ ግድ ነው። ኩስቶና ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. የመተንፈሻውን መሣሪያ ሲሠሩ እንዲህ ያለ ከረጢት አልነበራቸውም። ፌንዚ የተባለው ፈረንሳዊ በአንገት የሚጠለቀውን ያወጣው በ1961 ነው።

ባለጀልባው ሊጥለው ሲል ዘመዴ ለምኖ የወሰደው ለታናሽ ወንድሜ ብሎ ነው። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርዱ ዛሬ ሐይቅ አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን፣ 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከበስተኋላው የተኛው ውኃ እስከ ዋግ ኽምራ ቆላ ድረስ ይዘልቃል። በዚህም ምክንያት ፍየል ሲያግዱ ያደጉ ልጆች ዓሣ አስጋሪዎች ሆኑ። ወንድሜ አንዱ ነው። ዋና የተማረው ግን ውኃው ከወገብ በማያልፍ የጅረት ኩሬ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጀልባቸው ተገልብጣ፣ ጠርዟን ጨብጦ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቷል። እናታችን ይህን እስካሁን አታውቅም፤ መጽሔቱም ሰቆጣ እንደማይደርስ ተስፋ አለኝ።

ክንፉን መጀመሪያ የመረመሩት አጎቴ ናቸው። ግድቡ ሳይኖር ተከዜን በስልቻ የተሻገሩ ሰው ስለሆኑ በዚህ ነገር ላይ ሥልጣን አላቸው። አሸተቱት፤ ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት።

«ይህ የምን ቆዳ ነው?»

«ቆዳ አይደለም ጋሼ፤ የፋብሪካ ሥራ ነው።»

«ስፌቱስ የታል?»

ሁለቱ ገጾች በሙቀት እንደ ተጣበቁ ሲነግራቸው «እንግዲያ የሚሞተው እዚህ ነው» ብለው ጠርዙን ጠቆሙ። ጠርዙ ግን ደኅና ነበር።

ለስልቻ የሚሆን ፍየል ሆዱ አይሰነጠቅም። ቆዳው ከኋላ እግሮቹ ተጀምሮ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ባንድነት ይወጣል። በእንቧይ ፍሬና በግራር ቅርፊት ይለፋል፤ ቅባት ይጠጣል። አንገቱና እግሮቹ በጠፍር ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፤ ባንደኛው እግር በኩል ይነፋል። ሃያ ሊትር አየር የያዘ ስልቻ ሃያ ኪሎ ግድም ያንሳፍፋል፤ ዘመዴ ያመጣው ክንፍ ከሚያነሣው 14 ኪሎ ይበልጣል ማለት ነው። ጥበቡ የኛ ብቻ አይደለም። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኝ የንምሩድ ቤተ መንግሥት ድንጋይ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት የተቀረጹ ሰዎች የተነፋ ቆዳ ታቅፈው ወንዝ ሲዋኙ ይታያሉ። እርግጥ ነው፣ አዞ ለመጣበት ሰው ስልቻም ክንፍም አንድ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያንን ስልቻ ያለፋው ሰው ማን እንደ ነበር አጎቴን ብጠይቃቸው «ፋቂ ነዋ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ስሙን አያስታውሱም። የሰውዬው ቢላ በግፈፋው ጊዜ አንድ ጭረት ጥሎ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ዛሬ አጎቴ ባልሆኑም ነበር። ነፍሳቸውን በእጁ ሥራ ላይ አንጠልጥለው ወንዝ ተሻገሩ፤ ከማዕዳቸው ግን አላቀረቡትም። አጎቴን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ ስለ እኩልነት በየስብሰባው የምንጮኸው ተማሪዎች፣ በመኝታ ክፍላችን ስንቀላለድ «ፋቂ» የሚለው ቃል ለምን እንደ ስድብ እንደሚወጣን እያንዳንዳችን እንጠይቅ።

ወደ ክንፉ ልመለስ። አጎቴ እንደሚሉት ስልቻን የሚገድለው ወንዝ ሳይሆን ቤት ነው። እርጥቡን ጠቅልለው ከጣሉት ይበሰብሳል፤ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል፤ ቅባት ካጣ ይደርቃል፤ ቅባት ከጠጣ ደግሞ አይጥ ይወደዋል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ሳቀ፤ የሁለት ዓመት ሥራው ይኸው ነበርና። የባሕር ውኃ በመንፊያው ቱቦ በኩል ወደ ክንፉ ይገባል። ውኃው ሲደርቅ ጨው ይቀራል፤ የጨው ቅንጣትም ስለታም ስለሆነ ከረጢቱ በተጣጠፈ ቁጥር ከውስጥ ይፈገፍገዋል። ስለዚህ በየምሽቱ ንጹሕ ውኃ ከውስጥ ጨምሮ፣ ነቅንቆ፣ አፍስሶ፣ ጥቂት አየር ነፍቶ ጥላ ውስጥ ይሰቅለው ነበር። ፀሐይ ናይለኑን ታደክመዋለች፤ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪንም ይበላዋል። የኛን ክንፍ የገደለው ግን መቆንጠጥ ነው። ባዶው ከረጢት በብረቱና በሲሊንደሩ መካከል ተቀርቅሮ፣ ከእጥፋቱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አውጥቷል።

ጎሚስታ ዘንድ ወሰድነው። ሰውዬው የከመነዳሪ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ባለሙያ ነው፤ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ለጠፈው። ማታ ነፍተን አሳደርነው፤ ጧት ልጣፊው እንደ ደረቀ ቅጠል ተነሥቶ አገኘነው። በናይለኑ ውስጥ የተለበጠው ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጎማ ስላልሆነ የራሱን ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሰቆጣ ገበያ አልተገኘም። ድርብ ክንፍ የሚባልም አለ። ውጪው ወፍራም ናይለን፣ ውስጡ ለብቻው የሚወጣ ፊኛ ነው። ከነጠላው ይከብዳል፤ ለመድረቅም ይዘገያል፤ ነገር ግን ዚፑ ተከፍቶ ፊኛው ይለወጣል። ምረጥ ብባል ድርቡን እመርጣለሁ። እኛ አገር ዕድሜ ያለው ዕቃ ማለት የማይበላሽ ሳይሆን ተከፍቶ የሚጠገን ነው።

ደግሞስ ክንፉ ቢጠገን ለወንድሜ ይሆን ነበርን? አይሆንም። ክንፍ አየሩን የሚይዘው ከጀርባ ስለሆነ፣ ራሱን የሳተ ሰው ውኃ ላይ በፊቱ ሊደፋው ይችላል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ግን አብዛኛው ማንሳፈፊያው ደረት ላይ በመሆኑ ፊትን ወደ ሰማይ ለማዞር ይረዳል። ጃኬቱ እስኪገኝ ድረስ የቀረን ጀሪካን ነው። ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ የ10 ሊትር ጀሪካን 10 ኪሎ ግድም ያንሳፍፋል፤ ነቅቶ ለታቀፈው ሰው አፉን ከውኃ በላይ ለመያዝ ይበቃዋል። ፀሐይ ይህንንም ታደርቀዋለች፤ ያም ቢሆን ርካሽ ነው።

አጎቴ አንዱን ጀሪካን ገንዳ ውስጥ ደፍቀው አረፋ ፈለጉ። በክዳኑ በኩል ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከአሮጌ ስልቻ ላይ ቀለበት ቆርጠው፣ ቅቤ አጠጥተው ከክዳኑ ሥር አስገቡና ደግመው ደፈቁት። አረፋ የለም። ወንድሜ ጀሪካኑን በገመድ ከጀልባዋ ላይ አስሮ ይሠራል። አሁን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ጓደኞቹ «ውኃ ቀጂው» እያሉ ይጠሩታል።